ትንሽ ሽጉጥ ለምን አብዝቶ ይረግጣል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የ58 ዓመት ሴት ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ሥር የመገጣጠሚያ ሕመም አለባቸው፤ የመሣሪያ ፈቃዳቸውን በሕጉ መሠረት አውጥተዋል። ሻጩ «ለሴት እጅ የምትስማማው ይህች ናት» ብሎ 425 ግራም የምትመዝን፣ አምስት ጥይት የምትይዝ፣ በ38 ስፔሻል ጥይት የምትሠራ ባለ ከበሮ ሽጉጥ ወይም ሪቮልቨር አሳያቸው። በልምምድ ሥፍራ አምስት ጥይት ተኩሰው እጃቸው ሁለት ቀን ሙሉ አመማቸው። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «ከዚህችም ያነሰች ልፈልግ? ወይስ በ22 ካሊበር ልወሰን? ጨርሶ የማይረግጥ ሽጉጥ የለም ወይ? የምፈልገው ማታ ትራስጌዬ አጠገብ ለማስቀመጥ ነው።»

የማይረግጥ፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የማይገፋ፣ ሽጉጥ የለም። ከዚያች ያነሰች መፈለግ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ትንሽ መሣሪያ ይስማማዋል የሚለው ምክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ትንሿ ሽጉጥ የተሠራችው ግን በልብስ ሥር እንድትደበቅ እንጂ ለተኳሹ እጅ እንድትመች አይደለም። እርስዎ ደግሞ የሚፈልጉት በቤት ውስጥ የምትቀመጥ መሣሪያ ስለሆነ፣ ለመደበቅ ተብሎ የሚከፈለውን ዋጋ በእጅዎ ሕመም የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከክብደት ነው። አረሩና የባሩዱ ጋዝ ወደ ፊት ሲወጡ ሽጉጡ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህን ግፊት የትኛውም ብልሃት አያስቀረውም። ግፊቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቀላሉ ሽጉጥ በፍጥነት ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ከባዱ ግን በዝግታ ይመጣል፤ እጅ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም የሽጉጡ ክብደት በጨመረ መጠን ይቀንሳል። የእርስዎን ጉዳይ ብናሰላው፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝን የ38 ስፔሻል አረር በሴኮንድ 230 ሜትር ፍጥነት ቢወጣ፣ 425 ግራም በምትመዝነው ሽጉጥ ላይ የሚፈጠረው የርግጫ ጉልበት 8 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ያንኑ ጥይት 1 ኪሎ ግራም በሚመዝን የብረት ሪቮልቨር ብንተኩሰው ወደ 3.5 ጁል ይወርዳል። ጥይቱ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው፣ ርግጫው ግን ከግማሽ በታች ሆነ።

ካሊበሩን፣ ማለትም የጥይቱን መጠን፣ ብቻ ዝቅ ማድረግም መፍትሔ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። 9 ሚሊሜትር አጭር ተብሎ የሚጠራው 380 ኤሲፒ ከመደበኛው 9 ሚሊሜትር በግልጽ የለዘበ ጥይት ነው። ይሁንና 270 ግራም በምትመዝን የኪስ ሽጉጥ ሲተኮስ ርግጫው 7.5 ጁል ገደማ ይደርሳል፣ ይህም እርስዎን ካሳመመችዎት ሪቮልቨር ብዙም የራቀ አይደለም፤ 520 ግራም በሚመዝን ሽጉጥ ሲተኮስ ግን 4 ጁል አይሞላም። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለች የኪስ ሽጉጥ ነበረችኝ። ሃምሳ ጥይት በተኮስኩ ቁጥር በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ ስለሚቀላ ልምምዱን እያሳጠርኩ፣ በመጨረሻም ጨርሶ ትቼው ነበር። ተሸክሞ መዞር ደስ ይላል፤ መተኮስ ግን ደስ አይልም።

በስሌት የሚገኘው ጉልበት አንድ ነገር ነው፣ እጅ የሚሰማው ደግሞ ሌላ። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ሽጉጦች በአንድ ዓይነት ጥይት በጣም የተለያየ ስሜት ሊሰጡ ይችላሉ። የእጀታው ጀርባ ጠባብ ከሆነ ግፊቱ በሙሉ ጣት በማታህል ቦታ ላይ ያርፋል፤ ሰፋ ያለና ላስቲክ የለበሰ ከሆነ ግን በመዳፉ ላይ ይበተናል። ቱቦው ከእጅ በላይ በጣም ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ግፊቱ ሽጉጡን ወደ ላይ ያሽከረክረዋል፣ አፈሙዙም ይነሳል፤ ዝቅ ብሎ ለእጅ ከቀረበ ግን ርግጫው ቀጥ ብሎ ወደ ክንድ ይሄዳል። በአውቶማቲክ ሽጉጥ፣ ማለትም ጥይቱን ከካዝና ራሱ በሚያጎርሰው፣ የውስጥ አሠራሩም ለውጥ ያመጣል። ቱቦውና ከላይ የሚንሸራተተው ክፍል በተኩሱ ቅጽበት ተቆላልፈው ጥቂት አብረው ወደ ኋላ ከሄዱ በኋላ የሚለያዩበት አሠራር ግፊቱን በጊዜ ውስጥ ያስረዝመዋል። ሳይቆለፍ በክብደቱና በሞላው ጥንካሬ ብቻ የሚሠራው ዓይነት ግን ድንገተኛና ሹል ምት ይሰጣል፤ ታዋቂው ቫልተር ፒፒኬ በ380 ሲተኮስ ከሚተኩሰው ጥይት ልዝብነት ጋር የማይመጣጠን ርግጫ አለው የሚባለው ለዚህ ነው። በዚህ አሠራር የተሠሩ ከባድ ሽጉጦች ለስላሳ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሞላቸው ግን ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ስለሚሆን ለማቀባበል፣ ማለትም የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስቦ ጥይት ለማጉረስ፣ ያስቸግራሉ።

እዚህ ላይ ጥያቄዎ የቀላቀላቸውን ሦስት ነገሮች መለየት አለብኝ፤ ለአርትራይተስ ሕመምተኛ ከሦስቱ ርግጫው ሁልጊዜ ዋነኛው አይደለምና። አንደኛው ርግጫው ራሱ ነው። ሁለተኛው ለማቀባበል የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። ሦስተኛው የምላጩ ክብደት፣ ማለትም ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። ሻጮች ለደካማ እጅ ሪቮልቨር የሚመክሩት ማቀባበል ስለሌለበት ነው፣ በዚህም ልክ ናቸው። የማይናገሩት ግን ምላጩን ስቦ ከበሮውን ማዞርና መዶሻውን ማንሳት በአንድ ጣት ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት እንደሚጠይቅ ነው፤ መደበኛ ዘመናዊ አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን 2.5 ኪሎ አካባቢ ይበቃዋል። ግማሽ ኪሎ እንኳ የማትሞላ ሽጉጥን በ5 ኪሎ ጉልበት እየሳቡ አፈሙዙ እንዳይወዛወዝ ማድረግ ጤነኛ እጅ ላለው ሰውም ትልቅ ፈተና ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት አስቀድሞ ማንሳት ምላጩን ያቀልለዋል፤ እርስዎን የሚያምዎት ግን ያው አውራ ጣት ነው፤ ደግሞም በድንጋጤ ሰዓት እጅግ የቀለለ ምላጭ ያለጊዜው ይተኩሳል። ይህን መንገድ አልመክርም።

የማቀባበሉ ችግር ብዙውን ጊዜ የጉልበት ሳይሆን የአያያዝ ነው። ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው የሽጉጡን የላይኛውን ክፍል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ለመጎተት ይሞክራሉ፤ ይህ ደካማ የሚባሉትን ጡንቻዎች ብቻ ያሠራል። ከዚህ ይልቅ ሽጉጡን ወደ ደረትዎ ያቅርቡት፣ አፈሙዙን ደኅንነቱ ወደ ተጠበቀ አቅጣጫ ያዙሩት፣ ጣትዎ ከምላጩ ውጭ ይሁን፤ ግራ መዳፍዎን ከላይ ሙሉ በሙሉ አሳርፈው በአራቱ ጣቶችዎ ይጨብጡትና ግራ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ እጀታውን በቀኝ እጅዎ ወደ ፊት ይግፉት። በጣቶች መጎተት ሲሠራ የነበረው ሥራ ወደ ትከሻና ወደ ደረት ጡንቻ ይዛወራል። «አልችልም» ብለው ከመጡ ሰዎች ብዙዎቹ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲችሉ አይቻለሁ፤ ያልቻሉም አሉ፣ ለእነሱ ከታች የምለው አለኝ።

ስለ ርግጫ ሲወራ ስሙ ሳይነሳ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ድምፅ ነው። የሽጉጥ ተኩስ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ በተዘጋ የልምምድ ሥፍራ ውስጥ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ደረት የሚሰማው ፍንዳታ ነው። ጀማሪ «በጣም ረገጠኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ግማሹ ፍርሃት የድምፁ ነው። ይህን ለማየት ቀላል መንገድ አለ። ተማሪው ሳያውቅ በካዝናው ውስጥ ከእውነተኛ ጥይቶች መካከል አንድ ማስመሰያ ጥይት እጨምራለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፤ ከዚያ ምላጩን ሲስብ ምንም ድምፅ የለም፣ ምንም ርግጫ የለም፣ አፈሙዙ ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ጎንበስ ይላል፣ የዓይኑም ሽፋሽፍት ይጨፈናል። ሽጉጡ ዝም ብሎ ሳለ ሰውየው ከሌለው ርግጫ ጋር ሲታገል በዓይኑ ያየዋል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን መሰኪያና ከላይ የሚደፋውን መከላከያ ደርበው ያድርጉ፤ በመጀመሪያዎቹ ልምምዶችም ክፍት ሥፍራን ይምረጡ። ከዚህ በኋላ አሁንም የሚያምዎት ከሆነ የሚያምዎት በእርግጥ ርግጫው ነው።

ወደ 22 ካሊበር ጥያቄዎ ልመለስ። ርግጫው ከምንም አይቆጠርም፣ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ለመለማመጃ ከእሱ የተሻለ የለም፤ መለማመጃ ሽጉጥ በ22 እንዲኖርዎት አጥብቄ እመክራለሁ። ለጥበቃ ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው አስተማማኝነቱ ነው፦ በዚህ ጥይት የሚቀጣጠለው ቅመም የሚቀመጠው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ስለሆነ በዙሪያው እኩል ያልተዳረሰበት ቦታ ላይ መርፌው ሲመታ ጥይቱ አይተኩስም። በመሐል የሚመቱት ትልልቆቹ ጥይቶች እንዲህ ያለ ክሽፈት እጅግ ያነሰ ነው የሚገጥማቸው። ሁለተኛው አቅሙ ነው፤ ከአጭር ቱቦ ሲወጣ ለመከላከያ ጥይት ከሚፈለገው ልክ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ቢሆንም ሌላ ምንም መሣሪያ መያዝ ለማይችል ሰው፣ በትክክል የሚተኩሰው 22 እጁን ፈርቶ ከሚስተው 9 ሚሊሜትር ይሻላል። ይህን የምለው እንደ መጨረሻ አማራጭ ነው፤ እርስዎ ገና እዚያ አልደረሱም።

በተቃራኒው ወገን «ከ45 ካሊበር በታች ያለ ሁሉ አሻንጉሊት ነው» የሚሉ አሉ፤ እነሱን አይስሟቸው። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ወኪሎቹ ከተገደሉበት ተኩስ በኋላ የበለጠ ኃይል ፍለጋ ወደ 10 ሚሊሜትር ጥይት ሄደ። ሙሉ ኃይሉ ለብዙ ወኪሎች ስለከበደ ጥይቱ እንዲለዝብ ተደረገ፤ ከዚያ በ1990 የወጣው አጠር ያለው 40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መጣ፤ በ2010ዎቹ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ፤ አንዱ ምክንያት አብዛኛው ተኳሽ በ9 ሚሊሜትር ፈጥኖና አስተካክሎ የሚተኩስ መሆኑ ነበር። ለሥራው የሰለጠኑ ሰዎች ርግጫን ቀንሰው ካተረፉ፣ እርስዎ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

ሽጉጡን ሳይቀይሩ ጥይቱን ማለዘብም ይቻላል። ለ38 ስፔሻል ጠፍጣፋ አፍ ያላቸው፣ ለዒላማ ውድድር የተሠሩ ለስላሳ ጥይቶች አሉ፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለደካማ እጅ የሚመክሩት እነሱን ነው። ጥንቃቄው ሦስት ነው። ማሸጊያው ላይ ፕላስ ፒ የሚል ምልክት ያለበት ጥይት ከመደበኛው በላይ ግፊት ያለው ስለሆነ አይግዙት። ቀለል ያለ አረር ባልተስተካከለ ማነጣጠሪያ ከታለመበት ዝቅ ብሎ ሊመታ ስለሚችል በወረቀት ላይ ሳይሞክሩ አይመኑት። አውቶማቲክ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ በጣም የለዘበ ጥይት የላይኛውን ክፍል እስከ መጨረሻው ላይገፋው ይችላል፤ ቀለህ ተጣብቆ ይቀራል። ከአፈሙዙ ላይ ጋዝ ወደ ላይ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች አፈሙዙ እንዳይነሳ ይረዳሉ፤ ድምፁንና በጨለማ የሚታየውን ብልጭታ ግን ስለሚያብሱ ለመኝታ ቤት የሚሆኑ አይደሉም።

አሁን ምክሬን ልስጥ። በቅድሚያ የሚሞክሩት ከ500 ግራም በላይ የሚመዝን፣ ለቀላል ማቀባበል ተብሎ የተሠራ፣ ተቆላፊ አሠራር ያለው የ380 ሽጉጥ ይሁን። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2018 ያወጣው ኤም ኤንድ ፒ 380 ሺልድ ኢዚ በትክክል ለእንደ እርስዎ ዓይነት እጅ የታሰበ ነው፤ ስምንት ጥይት ይይዛል፣ ሞላው ለስላሳ ነው፣ ካዝናውም ጥይት ሲሞላ ሞላውን በጣት ወደ ታች ለመያዝ የሚረዳ ጉጥ አለው፤ ይህ ጉጥ ለታመመ አውራ ጣት ከሚያስቡት በላይ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፦ እጀታው ጀርባ ላይ ያለው መጠበቂያ በመዳፍ ካልተጫነ ሽጉጡ አይተኩስም፤ ስለዚህ በሕመምዎ ቀን በሚይዙት አያያዝ ሁልጊዜ መጫኑን ይፈትሹ። እጅዎ ከፈቀደልዎት ሁለተኛው ምርጫ መካከለኛ ወይም ሙሉ መጠን ያለው 9 ሚሊሜትር ነው፤ የግሎክ 19ን ያህል፣ ማለትም ባዶውን 600 ግራም ገደማ፣ ወይም ከዚያ የሚከብድ ይሁን፤ 950 ግራም የሚሆነው ቤሬታ 92 ከብዙ ትንንሽ 380ዎች ይልቅ ለእጅ ይለሰልሳል፣ እጀታው ግን ወፍራም ስለሆነ ጣትዎ ምላጩ ላይ በደንብ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል። በትክክለኛው አያያዝም ማቀባበል የማይችሉ ከሆነ ደግሞ እንደ ቤሬታ 86 ያሉ፣ ቱቦው ከኋላ ተነስቶ የመጀመሪያው ጥይት በእጅ የሚገባባቸው ሽጉጦች አሉ፤ ካላገኟቸው፣ ምላጩ በባለሙያ የተስተካከለ ከባድ የብረት ሪቮልቨር በለስላሳ 38 ጥይት። ያቺን 425 ግራም ሽጉጥ ግን ይመልሷት።

በየትኛውም ቢሆን ሳይተኩሱ አይግዙ። ሽጉጥ የሚያከራይ የልምምድ ሥፍራ ይፈልጉ፤ በአንድ ቀን ከ50 ጥይት አይበልጡ። የመጀመሪያውን ካዝና ሳይሆን የመጨረሻውን ይታዘቡ፤ በማግስቱ ጠዋት የኩባያ እጀታ ሲይዙ የሚሰማዎትንም ልብ ይበሉ። አውቶማቲክ ሽጉጥ በላላ አንጓ ሲያዝ የላይኛው ክፍል የሚገፋበት ጽኑ መደገፊያ አያገኝም፣ ቀለሁንም ሳይተፋ ይቀራል፤ ሽጉጡ ቀላል በሆነ መጠን ይህ ይብሳል። በልምምድ ላይ በእርስዎ እጅ የሚጣበቅ ሽጉጥ በሌላ ሰው እጅ በደንብ ቢሠራም ለእርስዎ አይሆንም። ጭበጣው በአብዛኛው ከግራ እጅ ይምጣ፤ ቀኙ ምላጩን ለመሳብ ነጻ ይሁን፤ ይህ ለሕመምዎም ይበጃል።

ስለ ትራስጌው በአጭሩ፦ አይሆንም። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ትራስ ሥር ወይም ክፍት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። በጣት ቁልፍ የሚከፈት፣ ከግድግዳ ወይም ከአልጋ ጋር በብሎን የሚታሰር ትንሽ የብረት ሣጥን ይግዙ፤ በጨለማ መክፈትን ይለማመዱበት፣ በሚያብጥ ቀን ጣትዎ ቁልፎቹን መጫን መቻሉንም ይፈትሹ። ብቻዎን ቢኖሩም የልጅ ልጆችና እንግዶች ይመጣሉ። ከዚህ የከበደውን ደግሞ መናገር ግዴታዬ ነው፦ በቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚጨምር በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነገር ነው። በቤትዎ የመንፈስ ጭንቀት ወይም የማስታወስ መታወክ ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ በከባድ ሐዘን ላይ ከሆኑ፣ ግዢውን ያዘግዩት። ሕጉ መሣሪያ ስለማስቀመጥና ስለመጠቀም የሚለውንም ፈቃዱን ከሰጠዎት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፈቃድ መያዝ መቼ መተኮስ እንደሚፈቀድ ማወቅ አይደለም።

ከላይ ያሉትን ሁሉ ሞክረው አሁንም በሃያ ጥይት እጅዎ የሚያብጥ ከሆነ ሽጉጥ ለእርስዎ አይደለም። ያን ጊዜ ገንዘቡን በጠንካራ በርና መቆለፊያ፣ በማንቂያ ደወልና አልጋዎ አጠገብ በሚቀመጥ ስልክ ላይ ያውሉት፤ የእጅ ሐኪምዎንም ስለ ሕመሙ ያማክሩ፤ በመደገፊያ ወይም በሕክምና ጭበጣዎ ከተሻሻለ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መሞከር ይችላሉ።